ባዶውን የተለካው ፒክአፕ

ወረታ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። መኪና ዝቅ ሲል እንደማይወዱ ባውቅም፣ ሰው ዝቅ ሲልልዎ ግን ቅር ሲልዎ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስቸግርዎ ወገብዎ እንዴት ከረመ? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ፤ ፊቴን ከሰው ደብቄ መሄድ ከጀመርኩ ግን አንድ ወር አለፈኝ።

ከጉዳይዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ዘመኑ አገኘሁ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ የጽሕፈት ቤቱን ፒክአፕ የምጠግነው፣ እርስዎም በአደባባይ «ኢንጂነር» ብለው የሰየሙኝ ሰው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት በመጪው ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ የፒክአፑን ሹፌር ደሳለው ኪዳነ ማርያምን «በግዴለሽነት የመንግሥት መኪና ገልብጧል» በሚል ከሥራ ሊያሰናብተው፣ መንጃ ፈቃዱም እንዲታገድ ሊጽፍበት መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ኮሚቴው የተማመነበት ዋና ማስረጃ ደግሞ እኔ የፈረምኩበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ደብዳቤውን በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መሳቢያዎ ሰው በእጁ በሰጠዎ አቤቱታ መሙላቱን ስለማውቅ፣ ቦታ እንዳላጣብብብዎ ብዬ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

የጽሕፈት ቤቱን ስም አለመጥቀሴም ለክብርዎ ሳስቼ ነው። ዘንድሮ በወረታ መንገድ ላይ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሲሄድ የነበረ ነጭ ፒክአፕ ያየ ሰው ለማን እንደምጽፍ አይጠፋውም።

1ኛ. ስለ መኪናው አፍንጫ

በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ለመንግሥት ንብረት ክብር ስላለዎት ተቆርቋሪነት ነው። በሚያዝያ ወር ከባሕር ዳር ስብሰባ ሲመለሱ ሐሙሲት ላይ ለሻይ ቆመው ሳለ፣ ፒክአፕዎ ከአንድ ነጋዴ ፒክአፕ ጎን መቆሙን፣ የነጋዴው መኪና ደረቱን ነፍቶ ሲታይ የእርስዎ ግን ከፊት ዝቅ ከኋላ ከፍ ብሎ መታየቱን፣ ለነጋዴ የሚሰግድ መኪና ይዘው እንደማይዞሩም የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። በወረዳው ስንት ቀበሌ በጎርፍ ተከብቦ እያለ፣ ስንት ድልድይ ተደርምሶ እያለ፣ ከሁሉ ቀድሞ የመኪናው ስግደት ያሳሰበው ኃላፊ ስላገኘን ፈጣሪን ማመስገን ይገባናል።

እንግዲህ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ባያውቁም እኔ ልነግርዎ ይገባኝ እንደነበረው፣ ናፍጣ ፒክአፕ ኋላው ከፍ ብሎ የሚሠራው ሠሪዎቹ መለካት አቅቷቸው አይደለም። ካሶኒው ላይ ጭነት ሲያርፍ የኋላው ባሌስትራ ይጫናል፣ ኋላው ይወርዳል፣ ያን ጊዜ መኪናው በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። ባዶውን ሳለ ፊቱን አንሥተው ያስተካከሉት እንደሆነ ግን፣ ጭነት በተጫነበት ቀን ኋላው ሲወርድ ፊቱ ተሰቅሎ ይቀራል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በወጉ አይረግጡም፣ መሪው ይቀልላል፣ ሹፌሩም ከኮፈኑ በላይ የሚያየው መንገድ ሳይሆን ደመና ይሆናል። ይህን እኔ አውቅ ነበር። እርስዎ ጋራዤ ድረስ መጥተው አፍንጫውን ቀና አድርግልኝ ባሉኝ ሰዓት፣ ቁልፍ በእጄ ይዤ፣ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆኜ ነው የተቀበልኩዎ።

2ኛ. ስለተሰጠኝ ማዕረግ

ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ስላልጠየቁኝም አመሰግናለሁ፣ የሚያሳፍር ነገር ነውና። ዛሬ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። በዚህ ሜዳ ላይ አባቴ አገኘሁ የሠሩትን ማረሻ ሳይዝ የሚያርስ ገበሬ አልነበረም፤ የእኛን ቤት እንጀራ የሚቀምስም አልነበረም። ማረሻቸውን ከደጅ ተቀብለው ይሄዳሉ፣ ውሃ እንኳ ብንሰጣቸው ጠምቷቸው ሳለ አልጠማንም ይላሉ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት በእኛ በር ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ለዚያ ቤት የተሰጠው ስም ምን እንደሆነ የአገር ሰው ስለሆኑ ልነግርዎ አያስፈልገኝም። እንግዲህ እርስዎ ያን ዕለት ሁለት ባለሙያዎችዎን አስከትለው መጥተው፣ ዘይት የነካው እጄን ጨብጠው፣ እንደ እኔ ያለ ኢንጂነር ከተማው ውስጥ እያለ ባሕር ዳር ድረስ መኪና መላክ ውርደት ነው ሲሉ፣ እሺ አልኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ በአንዲት ቃል ተሸጥኩ። ርካሽ ዕቃ በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎ።

ከተጣለ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ላይ ብረት ቆርጬ፣ ሦስት ሦስት ጣት የሚወፍሩ ሁለት ክብ ብረቶች ሠራሁና የመኪናውን ፊት ከሚሸከሙት ሞላዎች ራስ ላይ አስገብቼ አፍንጫውን ቀና አደረግኩት። በሁለቱም ላይ፣ አባቴ በማረሻቸውና በማጭዳቸው ላይ ያደርጉት እንደነበረ፣ ሦስት ጭረት አሳረፍኩባቸው። በእኛ ቤት ደንብ ያ ምልክት የሚደረገው ሠሪው በማያፍርበት ሥራ ላይ ብቻ ነው። አባቴ ብረቱ ያልጣማቸውን ማጭድ ያለ ምልክት ይሸጡ ነበር፤ ገበሬውም አውቆ ነበር የሚገዛው። እኔ ግን ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸች ምልክቱን አደረግኩት።

የምረቃውን ቀን መቼም አይረሱትም። ግንቦት ነበር፣ የገበያ ቀን ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱን አጥር ከሚሠሩት ግንበኞች ውሃ ልክ አስመጥተው በገዛ እጅዎ በካሶኒው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ስትቆም ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ፤ ለኢንጂነር ዘመኑ አገኘሁ የሚል የምስክር ወረቀት በመስተዋት ተለብጦ ተሰጠኝ። ካሶኒው ውስጥ አንዲት ጆንያ አልነበረችም። ባለቤቴ ሠርካለም ወረቀቱን ከሥዕለ አድኅኖው ጎን ሰቀለችው፤ እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ እሱን እያየሁ ቁርሴን በላሁ።

3ኛ. ስለ ሹፌሩ

ደሳለው የቄስ ኪዳነ ማርያም ልጅ ነው። በልጅነታችን አብረን ስንማር፣ ሌሎቹ ልጆች እኔ የነካሁትን ዳቦ ለውሻ ሲጥሉ፣ ደሳለው ከቄስ ቤት ወጥቶ ከእኔ ጋር ከአንድ መሐረብ ቆሎ የበላ ልጅ ነው። ቤቱ ሲያውቅ ተገርፏል፤ ተገርፎም በማግሥቱ መጥቶ በልቷል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ከእኔ ማዕድ ሳይቀምስ የዋለበት ቀን የለም። ይህን የምጽፈው ኮሚቴው «ግዴለሽ» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለማስታወስ ነው።

በሰኔ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጭኖ እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ ጋራዤ መጣ። መሪው ቀሎብኛል፣ መኪናው ሲጫን ከእጄ ይወጣል፣ እነዚህን ብረቶች አውጣልኝ አለኝ። ያለ ኃላፊው ፈቃድ አልነካም አልኩት፤ ጨምሬም ትለምደዋለህ አልኩት። አዎን፣ ሠላሳ ዓመት ከእኔ ጋር የበላውን ሰው ትለምደዋለህ አልኩት። ከዚያ በኋላ እርስዎ ዘንድ ሦስት ጊዜ ቀርቦ አመለከተ። እርስዎም የክልል እንግዶች ሳያዩት አፍንጫው እንደማይወርድ፣ ሹፌር ደግሞ ይነዳል እንጂ እንደማይለካ አስረድተው መለሱት። ሹፌርን በሥራ ድርሻው ላይ ብቻ እንዲያተኩር ስለሚያደርጉት የአመራር ጥበብዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው። አሁን ኮሚቴው «ጉድለቱን በጽሑፍ አላሳወቀም» ሲለው ደግሞ የበለጠ አደነቅኩ፤ ለካ በቃል የተነገረዎ ነገር እስከ ሐምሌም አይቆይልዎትም።

4ኛ. ስለ ሐምሌ 14 ቀን

በዚያ ቀን ጠዋት ደሳለው ሃያ ጆንያ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጉማራ ወንዝ ዳር ቀበሌዎች ወረደ። ያን መንገድ በመኪና ወርደው የማያውቁ ከሆነ ልግለጽልዎ፤ ግራ ቀኙ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፣ መንገዱ በመካከል የተሠራች ጠባብ የአፈር ድልድል ናት፣ ዝናብ ሲመታት ደግሞ ሳሙና ናት። አንዲት ጥጃ ከማሳው ብቅ ብላ መንገዱ ላይ ወጣች። ከኮፈኑ ማዶ ዘግይቶ አያት፤ ፍሬኑን ያዘ፣ መሪውን አዞረ፤ መሪው ዞረ፣ መኪናው አልዞረም። ጥጃዋ ተረፈች። ፒክአፑ በጎኑ የወይዘሮ ሸጌ ሩዝ ውስጥ ተኛ፣ ማዳበሪያው ውሃ ገባ፣ የደሳለው የቀኝ ትከሻ ተሰበረ።

ወይዘሮ ሸጌ ባላቸው የሞተባቸው፣ ያችኑ ማሳ ይዘው የሚኖሩ ሴት ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደሳለውን ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ መጎተቻ ሰንሰለት ይዤ ስደርስ መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ ይህን ያቃናው ሰው ሲያቃናው ጭነት ነበረበት ወይስ ባዶውን ነበር ብለው ጠየቁ። እንዲህማ አህያም አይጫንም፣ ሚዛኑ የሚታየው ከጫኑ በኋላ ነው ብለው የተሰበረውን ሩዛቸውን ወደ ማቃናት ተመለሱ። ኮሚቴው በአንድ ወር ያልደረሰበትን ነገር መሐይም ነኝ የሚሉ ሴት በአንድ ዙር ደረሱበት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጭቃውን አይ ነበር። ቀና ብዬ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ስለ ወይዘሮ ሸጌ ሩዝ እስከ ዛሬ የጠየቀ የጽሕፈት ቤቱ ሰው የለም። እንዲያው በጨዋ ደንብ፣ መኪናው ማሳቸው ላይ ስላረፈ ለመስተንግዶው ቢያመሰግኗቸው መልካም ነበር።

5ኛ. ስለ ራሴ

ይህ አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በእኔ ላይ ነው። በአደጋው ማግሥት፣ መርማሪው ሳይመጣ፣ እርስዎ ጃንጥላ ይዘው በእግርዎ ወደ ጋራዤ መጡ። በእግርዎ ሲሄዱ ያየሁዎት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ ከባድ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ለመኪናውም፣ ለጽሕፈት ቤቱም፣ ይልቁንም ለእኔ ስም ሲሉ ብረቶቹ በጸጥታ ቢወጡ እንደሚሻል መከሩኝ። አወጣኋቸው። ከዚያም አስቀድመው ባስተየቡት ወረቀት ላይ የመኪናው የፊት አካል ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን፣ ምንም የቴክኒክ ጉድለት እንዳልተገኘበት አረጋግጬ ፈረምኩ። ከፊርማዬ በፊት ስሜን ስጽፍ «ኢንጂነር» ብዬ ጀመርኩ። ያን ማዕረግ በገዛ እጄ የጻፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እርስዎን ፈራሁና ደሳለውን መታሁ። ፈራሁ ማለቱ እንኳ ራሴን ማሳመር ነው፤ አልፈራሁም፣ ያችን ቃል እንዳይነጥቁኝ ነው የሳሳሁት። ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ መሆኔን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ደሳለው አያውቅም። ኮሚቴው ባለሙያ መስክሯል ብሎ ስም ሳይነግረው ቀርቷል፤ እሱም የትኛው የማያውቅ ባለሙያ እንደሆነ እኔኑ እየጠየቀ ሲያማክረኝ ከርሟል። እኔም አብሬው ስገምት ከርሜአለሁ።

ብረቶቹን ቤቴ ወስጄ በአባቴ ሞረድ ምልክቶቹን ላጠፋ ሞክሬ ነበር። የአንዱን ብረት የመጀመሪያውን ጭረት ግማሽ ድረስ ሞረድኩትና እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በአንደኛው ብረት ላይ ሦስት ጭረት፣ በሁለተኛው ላይ ሁለት ተኩል ጭረት ይገኛል።

ከዚህ በላይ በዘረዘርኳቸው ምክንያቶች፣ ከክቡርነትዎ በትሕትና የምለምነው ጥቂት ነው። የፈረምኩበት ወረቀት ሐሰት ስለሆነ ከመዝገቡ እንዲወጣ፤ ሁለቱን ብረቶች ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው ሰብሳቢ አስፈርሜ ስላስረከብኩ፣ ሐሙስ ዕለት ደሳለው ተከሳሽ በሚቆምበት ቦታ እኔ እንድቆም፤ እርስዎም ጊዜ ካገኙ፣ ውሃ ልኩን በገዛ እጅዎ ስላስቀመጡት፣ ከጎኔ ቢቆሙልኝ። የምስክር ወረቀቱን መስተዋቱ ሳይሰነጠቅ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ሠርካለም ስታወርደው ሚስማሩንም ነቅላ ለእኔ ሰጠችኝ።

ምናልባት የሐሰት ምስክር ሆኜ ልከሰስ እችላለሁ፤ ጋራዤም ሊታሸግ ይችላል። ይህ የእርስዎ ሥልጣን ስለሆነ ጣልቃ አልገባም። ለመግባት እንዳይቸገሩ ግን የጋራዡን ቁልፍ ሁልጊዜ ከበሩ በላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር አስቀምጣለሁ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ጭነት በሌለበት ቀን ሁሉ ቀጥ ብለው የሚታዩበትን ዕድሜ ያርዝምልዎ እያልኩ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዘመኑ አገኘሁ
ቀጥቃጭ፣ የቀጥቃጭ ልጅ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣ ከሁለት ብረቶች ጋር
ለወይዘሮ ሸጌ፣ ጥያቄያቸው መልስ ስላላገኘ፤ ባዶውን ነበር
ለደሳለው ኪዳነ ማርያም

ማስታወሻ፦ ግልባጩን ለደሳለው የሰጠሁት በወረቀት አይደለም፤ ከመለጠፌ በፊት ቤቴ ጠርቼ ራሴ አነበብኩለት። ሠርካለም ምሳ አቅርባልን ነበር፤ ቀኝ እጁ በፋሻ ስለታሰረ እኔ ነበርኩ የማጎርሰው። ሁለት ጊዜ ካጎረስኩት በኋላ ወረቀቱን አወጣሁ። እስከ አራተኛው ቁጥር ድረስ ራሱን እየነቀነቀ፣ አንዳንዴም እየሳቀ ሰማኝ። አምስተኛውን አንብቤ ስጨርስ ሌላ ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁለት፤ አፉን አልከፈተም። በግራ እጁ ከእጄ ተቀብሎ ወደ ትሪው መለሰው፣ ሠርካለምን እጅሽ ይባረክ አላት፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። በዚህ ከተማ የእኔን ማዕድ የማይበላ ሰው ብርቄ አይደለም፤ የአባቴን ሙያ ጠልተው ነበርና ሲሄዱ አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም። በራሴ ሥራ የተነሣ አልበላም ያለኝ ደሳለው የመጀመሪያው ነው። ማዕረግ የሚሰጥ ቢሮ እንዳለ ከክቡርነትዎ ተምሬአለሁ፤ ይህችን ጉርሻ የሚመልስልኝ ቢሮ የሚያውቁ ከሆነም የቢሮውን ቁጥር ቢጽፉልኝ፣ ማመልከቻዬን ይዤ በጠዋት እሰለፋለሁ።